ጉርስና ልብጥ፦ በእንጨት ውስጥ ለሚገባ ጌጥ የሚሆን ስያሜ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን አንድ ክራር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር የእንጨት ሥራ ቃላትን ለመልቀም በተዘዋወርንበት ጊዜ፣ በቡሬ ከተማ ክራርና መሰንቆ እየሠራ የሚተዳደር አንድ ወጣት ባለሙያ አገኘን። በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለቤቱ ለጥገና ያመጣው ጊታር ተሰቅሎ ነበር። በጊታሩ አንገት ላይ፣ በብዙ ጊታሮች እንደተለመደው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛው፣ በ7ኛው፣ በ9ኛውና በ12ኛው ክፍል የሚያብረቀርቁ ነጫጭ ነጥቦች ገብተውበታል፤ የድምፅ ቀዳዳውንም ቀለማቸው የተለያየ የእንጨት ስንጥሮች ቀለበት ሠርተው ከበውታል። ባለሙያው ነጥቦቹን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ «ጋሼ፣ እናንተ የቃል ሰዎች ናችሁ፤ ይህ ነገር በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀን። የምንመልስለት አላገኘንም።

«ጌጥ» ብንለው ሐሰት ባልሆነ። ነገር ግን በቀለም የተነካም፣ በመሮ የተቀረጸም፣ በብር የተለበጠም፣ ዶቃ የተንጠለጠለበትም ሁሉ ጌጥ ነው። ባለሙያው የጠየቀን ስለ ውበቱ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ነበር፤ እሱም በሚቀጥለው ክራር ላይ ሊሞክረው አስቧልና። የአንድ ሙያ ቃል አሠራሩን ካልለየ፣ ለሙያው ሰው የሚሰጠው አገልግሎት እምብዛም ነው።

መልስ ያጣንለት ስልት በየአገሩ የእጅ ሥራ የቆየ ነው። አንድን ጠንካራ ገጽ በታሰበው ቅርጽ ልክ ጎድጎድ አድርጎ በመፈልፈል፣ በጎድጓዳው መጠን የተቈረጠ ሌላ ነገር፣ ቀንድ ወይም አጥንት፣ ዛጎል ወይም ብር፣ አለዚያም ቀለሙ የተለየ እንጨት ማግባት፣ ከዚያም ሁለቱን በአንድ ደረጃ ማስተካከል ነው። ፍሬ ነገሩ ያለው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ እጅ ቢያልፍበት ከፍታም ዝቅታም ሊሰማ አይገባም፤ ዓይን ሁለት ነገር ያያል፣ ጣት ግን አንድ ገጽ ብቻ ይዳስሳል። ስያሜ ስንፈልግ ይህን ጠባይ ከልብ ካልያዝን፣ ጎረቤት የሆኑ ሌሎች ስልቶችን ስም ነጥቀን ለዚህ እንሰጣለን።

እኛም ከዚህ ስሕተት ንጹሓን አይደለንም። ቀደም ባለ ጊዜ ለአንድ የትርጉም ሥራ ባዘጋጀነው የቃላት ዝርዝር ውስጥ ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ «ሰርጎ ገብ ጌጥ» የሚል ስያሜ ሰጥተን ነበር። በወረቀት ላይ ሲያዩት ነውር የለበትም፤ ሰረገ፣ ገባ፣ ሁለቱም ግሶች የነገሩን ሁኔታ ይገልጻሉ። ይህንኑ ለቡሬው ባለሙያ ብንነግረው ግን ከልቡ ሳቀ። «ጋሼ፣ ሰርጎ ገብማ ይያዛል እንጂ ጌጥ ይሆናል?» አለን። እውነት አለው። «ሰርጎ ገብ» ጠረፍ ጥሶ፣ ተደብቆ ለሚገባ ሰው የተሰጠ ስም ሆኖ በዜናና በመግለጫ ሲነገር የኖረ ነው፤ የቃሉ ዘር ምንም ቢሆን ጆሮ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ስያሜው ከዝርዝራችን ወጥቷል።

በሌላው ዓለም ይህ ስልት ከክራር ቤተ ሰብ ጋር ያለው ዝምድና ከጊታርም የቀደመ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1934 ዑር በተባለችው በጥንታዊቷ የሜሶጶጣሚያ ከተማ ቁፋሮ ያካሄደው ሊዮናርድ ዉሊ፣ ዕድሜያቸው ወደ 4,500 ዓመት የሚጠጋ የክራርና የበገና ዓይነት መሣሪያዎች ከነገሥታቱ መቃብር አውጥቷል። ሁለት ቋሚ፣ አንድ ቀንበር፣ ከሥር የድምፅ ሣጥን ያላቸው ናቸው፤ በገናን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በሥዕል እንኳ ቢያያቸው ወዲያው ይለያቸዋል። በጠርዛቸው ዛጎል፣ ላፒስ ላዙሊ የሚባለው ሰማያዊ ድንጋይና ቀይ የኖራ ድንጋይ በሬንጅ ተይዘው ገብተውባቸዋል። የሚደንቀው፣ እንጨቱ በመሬት ውስጥ በስብሶ ሲያልቅ ጌጡ በቦታው ቀርቶ ነበር፤ ቈፋሪዎቹም እንጨቱ በተወው ባዶ ቦታ ጀሶ እያፈሰሱ የመሣሪያውን ቅርጽ መልሰው አግኝተዋል። ጊታር የሚለው ቃል ራሱ ወደ ኋላ ሲጐተት የሚደርሰው «ኪታራ» ከተባለው የግሪኮች መሣሪያ ላይ ሲሆን፣ ኪታራ አንገት ያለው ሳይሆን እንደ በገና ቋሚና ቀንበር ያለው ነበር። ስለዚህ ክራር ሠሪው ከጊታር ላይ የቀናበት ጌጥ፣ ለክራር ወገን ባዕድ አይደለም።

በአገራችንም ቢሆን ከ3ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተመቱት የአክሱም ሳንቲሞች ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይታያል። ከብርና ከመዳብ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ያለው ቦታ ብቻ ወርቅ እንዲሆን ተደርጓል። ከጣት ጥፍር ብዙም በማይበልጥ ሳንቲም ላይ ይህን ያህል ድካም መውጣቱ የጥናት ሰዎችን ሁሉ ያስገረመ ነው። ለተርጓሚ ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ ወርቁ የገባው በጎደጎደ ቦታ ስለሆነ ከምንናገርለት ስልት ይመደባል ወይስ እጅግ ስስ ሆኖ ገጹን የሸፈነ ስለሆነ ከልብጥ? የእኛ ፍርድ ወደ ልብጥ ያደላል። ምክንያቱም ወርቁ የራሱ ውፍረትና የተቈረጠ ቅርጽ ያለው አካል አይደለም፤ የተቀባ ያህል ነው። ይሁን እንጂ ሁለት የተለያዩ ቃላት ከሌሉን ይህን ክርክር እንኳ በአማርኛ ልናካሂደው አንችልም።

እንግዲህ በእጃችን ያሉትን ቃላት እንመርምር። «ልብጥ» ከለበጠ የወጣ ነው፤ አንዱን ነገር በሌላ ስስ ነገር መሸፈን፣ ከላይ ማልበስ ማለት ነው። በብር የተለበጠ ጋሻ፣ በወርቅ የተለበጠ መስቀል እንላለን። ሽፋኑ ውስጡን ስለሚደብቅ ቃሉ ወደ ጠባይም ተሻግሮ፣ ከልብ ያልሆነ ነገር «የልብጥ» ይባላል። በእንጨት ውስጥ የገባው ቀንድ ግን ምንም አይደብቅም፤ እንጨቱና ቀንዱ ጎን ለጎን ይታያሉ። ስለዚህ ልብጥ ለቦታው አይሆንም።

«ፈርጥ» የቀረበ ይመስላል። በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉማችን በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 የካህኑ የደረት ልብስ ዕንቍዎች የተጠሩበት ቃል በመሆኑ ማዕርግ አለው፤ በቀለበት ላይ ላለው ድንጋይም ዛሬ የሚነገረው እሱው ነው። ግን ፈርጥ ከተቀመጠበት ከፍ ብሎ የሚታይ፣ በጥርስ ወይም በከንፈር የተያዘ ነገር ነው፤ ውበቱም ከመውጣቱ ነው። አንድ ቃል ሥራውን በደንብ እየሠራ ሳለ ሌላ ሸክም መጫን የመዝገበ ቃላት ሰው ሊርቀው የሚገባ ፈተና ነው።

«ግጥም» የሚለውን ያቀረበልን አንድ የቅኔ ሰው ነው። በጎጃም ምድር ተቀምጦ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያላመጣ ማን አለ? አንጥረኛ ወርቅን ለማፍሰስ አስቀድሞ በሰም ከሚሠራው ቅርጽ «ሰምና ወርቅ» ወጥቶ ለቅኔ እንደተሰጠ፣ የአናጢ ገጠመም ለግጥም ተሰጥቷል፤ ታዲያ ቅኔ የወሰደውን ለእጅ ሥራ ቢመልስ ምን ነውር አለው ይላሉ። ሐሳቡ ያምራል። ነገር ግን ክዳንም ይገጥማል፣ በርም ይገጥማል፣ ሁለት ቡድንም ይገጥማል፤ «ግጥም ያለበት ክራር» ብንል አንባቢ የተጻፈ ስንኝ ይፈልግበታል። «ኅብር»ም በቀለም፣ በዜማና በቅኔ የተያዘ ነው። «ቅርጽ»ና «ቀረጸ» ከገጹ ላይ ማንሣትን እንጂ በገጹ ውስጥ መጨመርን አያመለክቱም፤ ደብረ ዳሞ ባለው የአቡነ አረጋዊ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሰሌዳዎች ላይ ያሉት አራዊት የተቀረጹ እንጂ የገቡ አይደሉም። ከዐረብኛና ከቱርክኛ ለዛጎል ገጽ የሚነገረውን «ሰደፍ» እንዋስ ብንል ደግሞ፣ በአማርኛ ሰደፍ የጠመንጃ ነው።

ወደ ቡሬ እንመለስ። ባለሙያው ለአንድ አዝማሪ ሠርግ የሚመታበት ክራር እንዲሠራ ታዝዞ ነበርና፣ ያንን የጊታር ጌጥ በዚሁ ክራር ላይ ሊሞክር ቈረጠ። የመረጠው ከተሰበረ የቀንድ ዋንጫ የተገኘ ስብራት ነው። ቀንድ ከበሬው ላይ እንዳለ ጐባጣ ስለሆነ በእሳት ዳር አሙቆ ካለሰለሰው በኋላ በሁለት ሳንቃ መካከል ድንጋይ ጭኖ አሳደረው። በማግሥቱ በቀጭን መጋዝ ትንሽ መስቀል ቈረጠበት፤ ጠርዙን በሞረድ አስተካከለ። መስቀሉን በዋንዛው ክንድ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በወስፌ ጫረ፤ ከዚያ በጠባብ መሮ ይፈለፍል ጀመር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያስተዋልነው ዓይናችንን ሳይሆን ጆሯችንን አቅንተን ነው። ባለሙያው ከረዳቱ ጋር ሲነጋገር፣ እኛ ሳንጠይቀው፣ ስለሚሠራው ነገር ሁሉ በማዕድ ቋንቋ ይናገር ነበር። የተፈለፈለውን ጎድጓዳ «አፍ» አለው፤ የጎድጓዳውን ጠርዝ «ከንፈር»። መስቀሉን ሲያገባ «አጎረስሁት» አለ። መስቀሉ ከገጹ በታች ሲሰጥም «ዋጠው» ብሎ ከሥሩ ስስ የእንጨት ልጥ አስገባና ከፍ አደረገው። ኮላው ሳይደርቅ ቀንዱ ወደ ጥንት ጉብጠቱ ሊመለስ ሲል አንዱ ጫፍ ብድግ አለ፤ ይኼን ጊዜ በብስጭት «ተፋው!» አለ። እንደገና አሙቆ፣ አቅንቶ፣ በገመድ ጠፍሮ አሰረው። ልኩን በጣም አጥብቦ ከሠራው እንጨቱ እንደሚሰነጠቅ ሲያስረዳ ደግሞ «ያንቀዋል» የሚል ቃል ተጠቀመ። ቀንዱን ራሱን «ጉርሱ» ሲል ሰማነው፤ «ጉርሱ ከአፉ አይብለጥ» እያለ ነበር ረዳቱን የሚያዝዘው።

ሙከራው በመልካም አልተፈጸመም። ገጹ ከተላገና በብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ ጥቁሩ መስቀል በዋንዛው ላይ ጥርት ብሎ ታየ፤ እጃችንን አሳልፈንበት ምንም አልሰማንም። ስድስቱ ጅማቶች ተወጥረው መቃኘት ሲጀመር ግን ክንዱ ከመስቀሉ እግር ተነሥቶ፣ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ተሰነጠቀ። ባለሙያው ጎድጓዳውን የክንዱን ውፍረት እኩሌታ እስኪያክል አጥልቆት ኖሯል። ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «አፉን አበዛሁበት» አለ። ለሠርጉ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር፤ የዋንዛው ዋጋና የሁለት ቀን ድካም ጠፋ፤ አዝማሪውም ጌጥ የሌለው ክራር ይዞ ሄደ። በኋላ እንደሰማነው ሁለተኛውን ሙከራ ያደረገው ጭነት በሌለበት በሣጥኑ ጠርዝ ላይ ሲሆን፣ የጎድጓዳውን ጥልቀት ከቀንዱ ውፍረት ጥቂት ዝቅ አድርጎ ትርፉን በሞረድ ማስወገድን ለምዷል። እንጨቱን ያዳነው ይኸው ነው፤ ጥልቁ በቀነሰ መጠን ክንዱ ጉልበቱን አያጣም።

የአንድ ሰው አነጋገር የሙያ ቃል ነው ብለን ወዲያው አንመዘግብም። ባለሙያው በዕለቱ የፈጠረው ዘይቤ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም አናጢዎችን ስንጠይቅ፣ የጊታሩን ሁኔታ አስረድተን ስም እንዲሰጡት ብናደርግ፣ አንዳንዶቹ «የተሰካ» አሉ፣ አንዳንዶቹ «የተቀበረ»፣ አንዱም «የተከተተ» አለ። የሙያ ቃል በሌለበት ቦታ የሚሰማው እንዲህ ያለ መበታተን ነው። አንድ አረጋዊ አናጢ ግን ስለ ሌላ ጉዳይ፣ ስለ በር መቀርቀሪያ እየነገሩን ሳለ፣ መቃኑ መቀርቀሪያውን «በደንብ ጎርሶታል» አሉ። ይህ ከቡሬው ወጣት ጋር ያልተመካከረ ምስክር ነው። በሰፊው ሕዝብ አነጋገርም ጠመንጃ ጥይት ይጎርሳል፤ ተኳሹም ያጎርሰዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ትርጉም አለ፤ በልክ የተዘጋጀ ባዶ ቦታ፣ በልክ የተዘጋጀ ነገር ይቀበላል። የምንፈልገው ፅንሰ ሐሳብም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የመሣሪያዎቻችንን የክፍል ስሞች የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። የክራርና የበገና ሣጥን «ገበቴ» ነው፤ ከጓዳ የመጣ ስም። ቋሚዎቹን የሚያገናኘው እንጨት «ቀንበር» ነው፤ ከእርሻ። ጅማቱ የሚያርፍበት «ብርኩማ» ይባላል፤ ሰውም የሚቀመጥበት እሱው ነው። የመሰንቆው መምቻ «ደጋን» የጥጥ መንደፊያም ስም ነው። አባቶቻችን ለመሣሪያ አካል ስም ሲያወጡ በየቤታቸው ካለው ዕቃና ሥራ እየነሡ እንጂ አዲስ ቃል እየፈጠሩ አልነበረም። «ጉርስ» ከማዕድ ቢመጣ በዚሁ ወግ የመጣ ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ ለሥርወ ቃል ሰዎች ይጥማቸዋል ብለን እናምናለን። ዐረብኛ ይህንኑ ስልት «ተጥዒም» ይለዋል። ቃሉ መቅመስንና መብላትን ከሚያመለክት ዘር የወጣ ነው፤ ከግዕዙ ጥዕመ፣ ከአማርኛው ጣመና ጣዕም ጋር አንድ ዘር ነው። ቃል በቃል ማስቀመስ ወይም ማብላት እንደማለት ሲሆን፣ ዐረቦች ቅርንጫፍን በሌላ ዛፍ ላይ ለማዳቀልና ለክትባትም ይጠቀሙበታል። ባለሙያችን ዐረብኛ አያውቅም፤ ቃሉንም ከማንም አልሰማም። ሁለት ሴማዊ ቋንቋዎች በሁለት የተለያዩ ግሶች ወደ አንድ ምሳሌ መድረሳቸው ግን ምሳሌው ለነገሩ የሚስማማ መሆኑን ያሳያል። ጣሊያኖች «ኢንታርሲዮ» የሚሉት ደግሞ ከሌላው የዐረብኛ ቃል፣ ዕንቍ መደርደርን ከሚያመለክተው «ተርሲዕ» የመጣ ነው። እንግሊዝኛው «ኢንሌይ» በውስጥ ማኖር ከማለት አያልፍም፤ ፈረንሳይኛውም ከቅርፊት ስም ተነሥቷል። ከእነዚህ ቃል በቃል ብንተረጉም ኖሮ የምናገኘው ያንኑ «ሰርጎ ገብ» የመሰለ ነገር ነበር።

በስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል፣ በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመ ወዲህ በልዩ ልዩ ኮሚቴዎች ሲሠራበት እንደቆየው፣ አስቀድሞ በአማርኛ ውስጥ ያለውን ቃል መፈለግ፣ ካልተገኘ ወደ ግዕዝ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መሄድ፣ በመጨረሻም መዋስ ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ባለሙያዎችም የደከሙት በዚሁ መንገድ ነበር። ነገር ግን ይህ ሕግ «በአማርኛ ውስጥ» ሲል በመዝገበ ቃላት ውስጥ ማለቱ ነው ብሎ የሚተረጕም ብዙ ነው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ገልጦ ካጣ በኋላ በቀጥታ ወደ ግዕዝ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። በአናጢ ቤት የሚነገረውን ሳይሰማ የሚሻገር ሰው ሕጉን ጠብቋል ልንል አንችልም። እኛም ሳንሰማ ተሻግረን እንደነበር ከላይ ተናዝዘናል።

በ«ጉርስ» ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። ከሁሉ አስቀድሞ «ጉርሻ» ለምን አይሆንም የሚሉ አሉ፤ እሱ በሆቴል ለአስተናጋጅ የሚተው ገንዘብ ስም ስለሆነ ከምግቡ ትርጉም ጋር ሁለት ቤት ይዟል፤ ሦስተኛ አያስፈልገውም። «ጉርስ»ስ በ«ዕለት ጉርስ» ተይዞ የለም ወይ ለሚለው፣ አዎን ተይዟል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ከ«ዕለት» ጋር ወይም ከ«ልብስ» ጋር ተጣምሮ ስለሚነገር፣ «የቀንድ ጉርስ» ወይም «የዛጎል ጉርስ» ሲባል የሚያሳስት ነገር የለም። እንዲያውም ጥንዱ ራሱ ይጠቅመናል። የዕለት ጉርስ፣ የዓመት ልብስ የሚለው ምርቃት አንዱን ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ሌላውን ከውጭ የሚሸፍን አድርጎ ጎን ለጎን ያቆማል። በብር የተሸፈነውን «ብር የለበሰ»፣ ብር የገባበትን «ብር የጎረሰ» ብንል፣ አንባቢው ያለ ማብራሪያ ልዩነቱን ያውቃል። ቃሉ ለክቡር ነገር ዝቅ ያለ ነው፣ ለመስቀልና ለታቦት ዕቃ አይስማማም የሚሉትም ገጥመውናል። ይህ የስሜት ጉዳይ ስለሆነ ክርክር አያሸንፈውም። ብርኩማም የመቀመጫ ስም ሆኖ ሳለ በበገና ላይ ተቀምጦ ለዘመናት ማንንም አላስቀየመም ከማለት በቀር የምንጨምረው የለንም።

የርባታው ነገርም ያመቻል። ማጉረስ፣ አጎረሰ፣ ያጎርሳል፣ የጎረሰ፣ አጉራሽ፣ ማጉረሻ፤ ሁሉም ሕያዋን ናቸው፤ አንዳቸውንም ለመናገር ምላስ አይሰናከልም። ከ«ሰርጎ ገብ ጌጥ» ግስ ለማውጣት የሞከረ ሰው ምን እንደምንል ይረዳል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ቃል መድከም ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ተርጓሚ ቢኖር፣ ጉዳዩ ከውበት ያለፈ መሆኑን እናመለክተዋለን። በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 6 የዝሆን ጥርስ አልጋ፣ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 22 ደግሞ አክዓብ የሠራው የዝሆን ጥርስ ቤት ተጠቅሰዋል። በሰማርያ በተደረገ ቁፋሮ በርካታ የተቀረጹ የዝሆን ጥርስ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፤ በዕቃ ላይ ለጌጥ የገቡና የተለጠፉ መሆናቸውም ታውቋል። እንግዲህ አልጋው የእንጨት ነው፤ የዝሆን ጥርስ የጎረሰ። የቅዱስ መጽሐፍ ተርጓሚ የጥንቱን አነጋገር እንደጠበቀ ቢተወው መልካም ያደርጋል፤ የማብራሪያና የታሪክ ጸሐፊ ግን በአማርኛ ልዩነቱን የሚገልጽበት ቃል ያስፈልገዋል።

በዛሬው ኑሮ ደግሞ ነገሩ ወደ ሕግ ይደርሳል። ለመጥፋት በተቃረቡ አራዊትና ዕፅዋት ላይ የሚደረገውን ንግድ የሚቈጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 የአፍሪካ ዝሆንን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ አግዷል። አገራችንም በ2007 ዓ.ም. ወደ 6 ቶን የሚጠጋ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ አቃጥላለች። በጊታርና በሌሎች አሮጌ መሣሪያዎች ላይ የዝሆን ጥርስ ወይም የተከለከለ እንጨት ስለሚገኝ፣ በዚሁ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሙዚቃ መሣሪያዎች ልዩ የጉዞ የምስክር ወረቀት ተፈቅዷል። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የመሣሪያው አካል ከምን እንደተሠራና በውስጡ ምን እንደገባ ተለይቶ ይጻፋል። የአጥንት ጉርስ ያለበትን የዋንዛ በገና «የአጥንት በገና» ብሎ የተረጐመ፣ ወይም በቀንድ የጎረሰውን «በዝሆን ጥርስ የተለበጠ» ያለ ተርጓሚ፣ ባለቤቱን ከጉምሩክ ጠረጴዛ ፊት ሊያቆመው ይችላል።

ስለዚህ ለውይይት የሚከተለውን ረቂቅ ምዘገባ እናቀርባለን።

ጉርስ፣ ስም። ፩ በአንድ ጊዜ ወደ አፍ የሚገባ ምግብ፤ የዕለት ጉርስ። ፪ በእጅ ሥራ፣ በእንጨት፣ በብረት ወይም በድንጋይ ገጽ ላይ በልኩ በተፈለፈለ ቦታ ገብቶ ከገጹ ጋር የተስተካከለ ሌላ ነገር፤ የቀንድ ጉርስ፣ የዛጎል ጉርስ። ከልብጥና ከፈርጥ ይለያል።

አጎረሰ፣ ግስ። ፩ በሌላ ሰው አፍ ምግብ አገባ። ፪ ጥይት በጠመንጃ አገባ። ፫ በእጅ ሥራ፣ ጉርስ አገባ፤ ክንዱን ቀንድ አጎረሰው።

አፍ፣ ስም። በእጅ ሥራ፣ ጉርስ የሚገባበት ጎድጓዳ። ዋጠ፣ ተፋ፣ አነቀ የሚሉት ግሶች በዚሁ ሙያ ያላቸው ትርጉም ለጊዜው ከአንድ ባለሙያ ብቻ የተሰማ ስለሆነ፣ ከሌላ ቦታ ምስክር እስኪገኝ በቅንፍ ይያዙ እንላለን። በጎንደርና በወሎ የመሣሪያ ሠሪዎችን የሚያነጋግሩ አንባቢዎቻችን የሰሙትን ቢልኩልን ደስ ይለናል፤ ቃሉ ሌላ ቢሆንም ጭምር።

ስስ ስስ የሆኑ የእንጨት ቅጠሎችን ገጣጥሞ በሌላ እንጨት ላይ በመለጠፍ ሥዕል የሚሠራበት ስልት ግን ጉርስ አይደለም፤ አፍ የለውምና። ለእሱ «ልጣፍ» የሚለው ከበቂ በላይ ነው፤ የወለሉን ወንድሙን «ፓርኬ» ብለን ለምደነዋል።

በጉርሱና በአፉ መካከል የሚቀረውን ስንጥቅ ባለሙያው የሚሞላው ከመጋዝ ዱቄትና ከኮላ በተለወሰ ነገር ነበር። የማዕዱ ምሳሌ እስከዚህ ድረስ ስለተከተለን፣ ይኼንንም «ፍትፍት» ይለዋል ብለን በጉጉት ጠየቅነው። «እሱማ ስቱኮ ነው» አለን። ስቱኮ ከጣሊያንኛ የገባ ቢሆንም ቀለም ቀቢውም አናጢውም የሚያውቀው ቃል በመሆኑ፣ በእኛም መዝገብ ስቱኮ ተብሎ ገብቷል።